ከገጽ ሁለት ወደ ገጽ አራት

ወንድሜ ሰለሞን ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ቀን ሲቀረው በአጎቴ መኪና ውስጥ አንድ ፖስታ አገኘሁ። የማወራችሁ ከዚያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ማግስቱ ዓርብ ማታ ድረስ የሆነውን ነው። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ፖስታ ሳይከፈት አያድርም።

መጻፍ ልማዴ አይደለም። እናታችን ዲቪ ደርሷት ሁለታችንን ይዛን ወደ አሜሪካ ስትመጣ ሰለሞን አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር። ሃይስኩል ሜሪላንድ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ጨረስኩና እዚያው ቆምኩ። ግሮሰሪ ውስጥ ዕቃ መደርደር ጀመርኩ። አማርኛ መጻፍ እንዳልረሳ በየሳምንቱ እያስቀመጠ ያስጠናኝ የነበረው ሰለሞን ነው። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የተሰነካከለ ዓረፍተ ነገር ብታገኙ የእኔ ነው፤ የቀናው የእሱ ነው።

ሰለሞን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አሮጌ አፓርትመንት ተከራይቶ ብቻውን ይኖር ነበር። ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። ሥራ የሚገባው ጎህ ሳይቀድ ስለሆነ የሚተኛው ሰው እራት ሲበላ ነው። በዚያ ጥር ኮሪደሩ ላይ ያለው የጋዝ አላርም ይጮህበት ጀመር። ለሕንፃው ኩባንያ ሦስት ጊዜ ነገራቸው። እነሱም ከማሞቂያ ኩባንያ አንድ ቴክኒሻን ላኩ። ሰውየው አየና፣ "ማሞቂያው ደህና ነው፤ አላርሙ ነው ያረጀው" ብሎ ሄደ። አላርሙ አላረጀም ነበር፤ ማሞቂያው ጋዝ ያፈስ ነበር።

በዚያው ቀን ሊተኛ ሲል ደወለልኝ።

"ናቲ፣ ጭንቅላቴን ሊያፈነዳው ነው። ዝም አይልም እኮ።"

"ሰውየው አርጅቷል አላለህም? ባትሪውን አውጣውና ተኛ፣" አልኩት።

"እሺ ዶክተር፣" ብሎ ሳቀ። ስልኩን ዘጋው።

በማግስቱ አልተነሳም።

ይህን ከመጀመሪያው የነገርኳችሁ አስቤበት ነው። ደብቄ ቆይቼ መጨረሻ ላይ ላመጣባችሁ እችል ነበር። መደበቅ ምን እንደሚያደርግ ግን አይቻለሁ።

መርዶውን ለእናቴ ያረዷት አጎቴ ጋሽ ተፈራ ናቸው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ ለእኛም እንደ አባት ናቸው። እንደ ወጉ ቀኑን ሙሉ ደብቀው፣ ሰው አሰባስበው፣ በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች ይዘው በራችንን አንኳኩ። እኔ ግን ከማታው ጀምሮ አውቅ ነበር። እናቴ "ሰለሞን ዛሬ አልደወለም" ስትል፣ "ሥራ በዝቶበት ነው" እያልኩ አደርኩ።

ክሱ የቀረበው በጋሼ ስም ነው። የሟች ነገር አስፈጻሚ አድርጎ ፍርድ ቤት የሾመው እሳቸውን ስለሆነ ጠበቃው የሚነጋገረው ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር። የከሰስነው ሁለት ነው፦ የሕንፃውን ኩባንያና የማሞቂያውን ኩባንያ። እኔም ተጠርቼ፣ እጄን አንስቼ ምዬ፣ የጠየቁኝን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ባትሪውን አውጣ ማለቴንም ጭምር። ያንን ቃል ስሰጥ ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። እናቴ አልነበረችም። ወደ ቤት ስንመለስ በመኪና ውስጥ ጋሼ፣ "ይህን እሷ ባትሰማው ይሻላል" አሉኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ያህል ከክፍሌ አልወጣሁም።

አንድ ሌላ ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ቀሪው አይገባችሁም። ከዚያ ሐሙስ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ዳኛው የሕንፃውን ኩባንያ ከክሱ አስወጡት። ጠበቃው ሦስታችንን ቢሮው ጠርቶ ነገረን። ነጭ ሽማግሌ ነው፤ ክራቫቱ ሁልጊዜ ጠማማ ነው። ለእናቴ ጋሼ እየተረጎሙላት ነበር። እኔ ከወንበሬ ተነሳሁ።

"ይግባኝ! ዛሬውኑ!"

"ዛሬ አይቻልም፣" አለ ጠበቃው።

"እንዴት አይቻልም? ዳኛ አዟል። እኛ አልተስማማንም። አለቀ።"

"አላለቀም። ችግሩ እሱ ነው።" ሁለት እስክሪብቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ። "ሁለት ተከሳሽ አለን። ይሄኛው ወጣ።" አንዱን አነሳው። "ይሄኛው አለ። ስለዚህ ክሱ ገና እዚሁ ፍርድ ቤት ተቀምጧል። በመሀል ለሚሰጥ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ይግባኝ ቢባል አንድ ክስ ዕድሜ ልክ አያልቅም። ከጥቂት ነገሮች በቀር ሕጉ ጠብቁ ነው የሚለው። ሁሉም ሲያልቅ የመጨረሻው ትዕዛዝ ይመጣል። ያን ጊዜ የዛሬውንም የዚያን ጊዜውንም አንድ ላይ ይዘን ወደ ላይ እንሄዳለን።"

"እስከዚያ ዝም?"

"ዝም አላልንም፤ ተቃውሟችንን አስመዝግበናል። የመጨረሻው ትዕዛዝ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ሠላሳ ቀን አለን። ሠላሳ አንደኛ ቀን የለም።"

"ገዝተውሃል!" አልኩት።

ጋሼ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ እናቴን አዞራትና ግድግዳ ይዛ ቆመች። ጋሼ በዚያች ደቂቃ ነው የወሰኑት፤ አሁን ሳስበው ይገባኛል። "ከዛሬ ጀምሮ የፍርድ ቤቱን ነገር ለእኔ ተወው፣" አሉኝ። ተውኩላቸው።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ።

እሁድ የሰለሞን ሁለተኛ ሙት ዓመት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው የሚቀመጠው በአፓርትመንታችን የታችኛው አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ፣ ጋሼ ቫናቸውን ለወንበር ማመላለሻ ትተውልን በሜትሮ ባቡር ወደ አሌክሳንድሪያ ተመልሰዋል። ሃያ አራት ታጣፊ ወንበር ጭኜ ስልቨር ስፕሪንግ ደረስኩ። ጋራዡ ውስጥ የእንግዳ ፓርኪንግ ወረቀት ፍለጋ የዳሽቦርዱን ኪስ ከፈትኩ።

የጠበቃው ፖስታ ነበር። ተከፍቶ ለሁለት ታጥፏል።

ከላይ ያለው የጠበቃው ደብዳቤ አጭር ነው። ፍርድ ቤቱ የመጨረሻ ትዕዛዝ ሰጥቷል፤ የማሞቂያው ኩባንያም ነጻ ወጥቷል፤ ክሱ ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። ይግባኝ ከፈለጋችሁ በሠላሳ ቀን ውስጥ ንገሩኝ፤ ካልሰማሁ እንዳልፈለጋችሁ እቆጥረዋለሁ ይላል። ሁለተኛ ማሳሰቢያ ነው፤ ከላዩ "ሁለት ጊዜ ደውያለሁ" ብሎ በእጁ ጽፎበታል።

ከሥሩ ትዕዛዙ አለ። ገጽ አንድ። ገጽ ሁለት። የገጽ ሁለት የመጨረሻው መስመር "የሟች ወንድም በቃለ መሐላ" ይልና ያልቃል። ገለጥኩ። ገጽ አራት ነው። የስቴፕለሩ ሽቦ ሥር የተቀደደ ትንሽ የወረቀት ጫፍ ቀርቷል።

የተፈረመው ረቡዕ ነው። የተፈረመበትን ቀን ትቼ ከማግስቱ ጀምሮ በጣቴ ቆጠርኩ። ስልኬን አውጥቼ እንደገና ቆጠርኩ። ያ ሐሙስ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ነበር።

ጋሼ ጋ ደወልኩ፤ አላነሱም። ጠበቃው ቢሮ ደወልኩ። ጸሐፊዋ ጠበቃው በሌላ ከተማ ችሎት ላይ እንደሆነና ስለ ጉዳዩ ከእኔ ጋር መነጋገር እንደማትችል በትህትና ነገረችኝ።

"የሟች ወንድም ነኝ።"

"አዝናለሁ። ደንበኛችን አቶ ተፈራ ናቸው። እሳቸው ይደውሉ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ነገ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።"

ጋሼ መልሰው ደወሉ።

"ናቲዬ፣ ወንበሮቹ ደረሱ?"

"ጋሼ፣ ፖስታውን አገኘሁት።"

ከኋላቸው የሆቴሉ ሻትል በር ቲ-ቲ-ቲ ሲል ይሰማኛል። ጋሼ የሆቴል እንግዳ ከሜትሮ ጣቢያ ወደ ሆቴሉ የሚያመላልሱ ሹፌር ናቸው።

"ካገኘህበት መልሰው።"

"ነገ ሠላሳ ቀን ይሞላል!"

"እሁድ ይለፍ። ሰኞ በማለዳ ሁለት ሦስት ሽማግሌ ይዤ መጥቼ እነግራታለሁ። ይህ መርዶ ነው፣ ናቲ። ልጇ ሁለተኛ ጊዜ ነው የሞተባት። ለሙት ዓመት በሚሰናዳ ቤት መርዶ አይነገርም።"

"ሰኞ ይግባኝ የለም እኮ!"

"ይግባኝ ሰለሞንን አያመጣውም።"

"ገጽ ሦስት የት ሄደ?"

ስልኩ ተዘጋ።

ወደ ቤት ስገባ እናቴ የፎይል ትሪዎች እየቆጠረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

"ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የሆነው?"

"ወንበሩ ከብዶኝ ነው።"

ፖስታው ሹራቤ ሥር ነበር። ይህን ስናገር ከሁለት ዓመት በፊት "ሥራ በዝቶበት ነው" ያልኩበትን ድምፄን ሰማሁት። ያው ድምፅ ነው። በጋሼ ላይ ስጮህ ቆይቼ ያንኑ እያደረግኩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሥራ አልገባሁም። የሜትሮውን ቀይ መስመር ይዤ ዋሽንግተን ዲሲ መሀል ወርጄ፣ ወደ ቢጫው ቀይሬ አሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ወረድኩ። ሻትሉ ጣቢያው በር ላይ ቆሟል። በሩ ተከፈተ። ጋሼ የሆቴሉን ጃኬት ለብሰዋል።

"ይሄ ለእንግዶች ነው፣" አሉኝ።

"እንግዳ ነኝ።" ከኋላቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"ሻንጣህስ?"

ፖስታውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። አንዲት ሴትዮና ባሏ ገቡ። ጋሼ "ዌልካም፣ ዌልካም" እያሉ ሻንጣቸውን ጫኑና ተነሳን።

"ዛሬ እስከ ስንት ሰዓት ነው ሺፍትዎ?"

"እስከ ዘጠኝ።"

"እኔም እስከ ዘጠኝ አብሬዎት እዞራለሁ።"

"ከሥራ ታስወጣኛለህ።"

"ለጠበቃው ይደውሉ፣ እወርዳለሁ።"

"አንተ ልጅ፣ ነገረ ሥራህ ሁሉ እንደዚያች ቀን ነው! ያኔም ይግባኝ በማይባልበት ጊዜ ይግባኝ ብለህ ጮህክ፣ ሽማግሌ ሰደብክ፣ እናትህን ጣልካት!"

"ያኔ ተሳስቼ ነበር፤ ጊዜው አልነበረም። አሁን ግን ጊዜው ነው። ጊዜው ዛሬ ብቻ ነው!"

ሴትዮዋ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ ሁሉ ነገር ደህና እንደሆነ ጠየቀች።

"ፋሚሊ፣" አሏት ጋሼ በመስታወት እያዩ።

"አሃ፣" አለች። ባሏም ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም።

ሆቴሉ በር ላይ አወረድናቸው። ባዶ መኪና ይዘን ወደ ጣቢያው ተመለስን። ቀጣዩ ባቡር እስኪመጣ ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። ጭንቅላታቸውን መሪው ላይ ሊያስደግፉ ነው ብዬ ነበር፤ አላስደገፉም። በመስታወቱ ውስጥ አዩኝ።

"እናትህን ብቻ ይመስልሃል የደበቅኩት?"

የጃኬታቸውን የውስጥ ኪስ ከፈቱ። አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። እጥፋቱ አልቆ ሊበጣጠስ ደርሷል። አንድ ወር ሙሉ ደረታቸው ላይ ይዘውት ዞረዋል።

"አታንብበው ብልህ አትሰማኝም።"

ገጽ ሦስት ነበር። ገጽ ሁለት ካቆመበት ይቀጥላል፦ እንደመሰከረው፣ ሟች አላርሙ ይጮህ እንደነበር ያውቅ ነበር፤ ወንድሙም ባትሪውን አውጥቶ እንዲተኛ ነግሮታል፤ ሟችም ይህንኑ አድርጓል። ስለዚህ ሟች በራሱ ጥፋት ለሞቱ ምክንያት ሆኗል። በቨርጂኒያ ሕግ ከሳሽ ትንሽም ብትሆን የራሱ ጥፋት ካለችበት ሌላው ተጠያቂ አይሆንም። ማሞቂያውን አይቶ ደህና ነው ያለው ኩባንያ ነጻ የወጣው በእኔ ቃል ነው። ስሜ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ሙሉ ስሜ ከነአባቴ።

ቀና ስል ጋሼ ከሹፌር ወንበራቸው ተነስተው አጠገቤ መጥተው ተቀምጠዋል።

"ያን ቃል የሰጠህ ቀን ምን እንደሆንክ አይቻለሁ፣" አሉኝ። "በርህ ላይ ምግብ እያስቀመጥኩ ነው የከረምኩት። አንዱን ቀብሬያለሁ። ይህን ወረቀት ሰጥቼህ ሁለተኛ ልቅበር? ክሱ ይቅር። ክሱ ገደል ይግባ።"

ወረቀቱን እንደገና አነበብኩ። ከዚያ ገጽ አራትን። ከዚያ ወደ ኋላ ገጽ ሁለትን። ሦስተኛ ጊዜ ሳነብ ግን የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር።

"ጋሼ፣ የለም።"

"ምኑ?"

"ሌላው ግማሽ። ሰውየው አላርሙ አርጅቷል ስላለው ነው እንዲያ ያልኩት ብዬ ተናግሬያለሁ። እርስዎም ሰምተዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የተናገርኩት። ባትሪው አለ፤ ሰውየው የለም!"

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቶቹን ተቀበሉኝ። በጣታቸው መስመር በመስመር ሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጨርሰው ቀና አሉ።

"የለም፣" አሉ።

"ግማሽ ቃሌን ወስደው በወንድሜ ላይ ዘጉት። ዛሬ ዝም ካልን ግማሹ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ለዘላለም። ስሜ ይጻፍ፤ ሺህ ጊዜ ይጻፍ፤ ያልኩትን ብያለሁ። ግን ሙሉውን ይጻፉት!"

እየጮህኩ ነበር መሰለኝ። ባቡር የጠበቁ ሦስት ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። ጋሼ እጃቸውን አንስተው "ዋን ሚኒት፣ ፕሊስ" አሏቸው። ስልካቸውን አወጡ።

ጠበቃው በችሎት እረፍት ላይ ስለነበር ራሱ አነሳው። ጋሼ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

"አቶ ተፈራ! ተስፋ ቆርጬ ነበር። ልጁ አጠገብዎ ነው?"

"አለሁ፣" አልኩ። ስለ ጎደለው ግማሽ ነገርኩት።

"ያ ቃል በፋይሉ ውስጥ አለ። ገጹንም አውቀዋለሁ፤ ያኔም ተከራክሬበታለሁ፣" አለ። "እዚያ ባይኖር ኖሮ አይረዳንም ነበር፤ ይግባኝ ሰሚው አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፣ የሚያየው እዚህ የቀረበውን ብቻ ነው። አንድ የኩባንያ ሰው አርጅቷል ያለውን አላርም ባትሪ ማውጣት ጥፋት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መመዘን የጁሪ፣ ከሕዝብ የሚመረጡት ፈራጆች፣ ሥራ ነው፤ ዳኛው ለጁሪ ሳያቀርቡ ዘጉት እላለሁ። የሕንፃውን ኩባንያ ነገርም አሁን አብረን እናነሳዋለን። ግን ላታልላችሁ አልፈልግም፤ ልንሸነፍ እንችላለን።"

"ብንሸነፍ ምን እንሆናለን?" አሉ ጋሼ።

"አሁን ያላችሁበት ትሆናላችሁ።"

ጋሼ አዩኝ። "ታዲያ ምን ፈርቼ ነው የቆየሁት?" አሉ፤ ይህን በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ "አስገባው" አሉት።

ማስታወቂያው አንድ ገጽ ብቻ ነው አለን፤ ይግባኝ እንላለን የሚል። ክርክሩ በኋላ ይጻፋል። ጸሐፊዋ ታዘጋጀዋለች፤ እሱ ስምንት ተኩል ላይ ቢሮ ደርሶ ይፈርማል።

ስምንት ተኩል ላይ ቢሮው ውስጥ ነበርኩ። አልመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ጸሐፊዋ መንገዱ ተዘጋግቶበታል አለችኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል፤ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። እኔ ልፈርም አልችልም። ጋሼም አይችሉም። የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት መስኮቱን አየሁ፤ ከመስኮቱ ባሻገር የባንክ ሰዓት ነበር።

ዘጠኝ ከሃያ ላይ ጠበቃው እያለከለከ ገባ። ክራቫቱ ትከሻው ላይ ነበር። ቆሞ ፈረመ። እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

"ባለፈው ገዝተውሃል ብለኸኝ ነበር።"

"ይቅርታ።"

"ማነው የገዛኝ ብዬ እስካሁን አስባለሁ። ቢያንስ አዲስ መኪና ይኖረኝ ነበር።" ወረቀቱን ሰጠኝ። "ና፣ አንተ ታስገባዋለህ፤ እኔ ከኋላህ እመጣለሁ። ጉልበት ያለህ አንተ ነህ።"

ሮጥኩ። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ሊጋቡ ፈቃድ የሚያወጡ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ልጅቷ ትስቃለች። ልጁ መታወቂያውን የትኛው ኪሱ ውስጥ እንዳስገባ ጠፍቶታል። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይሉኝ ነበር። ጠበቃው ደርሶ ከኋላዬ ቆመ። ልጁ መታወቂያውን አገኘ። ተራዬ ደረሰ።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን አየች፣ ገለበጠች፣ የማህተሙን ቀንና ሰዓት አስተካክላ መታች። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ አራት። ዞር ስል ጋሼ ከነሆቴሉ ጃኬታቸው በሩ ላይ ቆመዋል። ምንም አላሉኝም። ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ነኩት፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፣ ጣታቸው ላይ ቀረ።

በሜትሮ አብረን ወደ ስልቨር ስፕሪንግ ተመለስን።

"ለእናትህስ?" አሉኝ መንገድ ላይ።

"ዛሬ እነግራታለሁ።"

"ሽማግሌ ሳይኖር?"

"እርስዎ አሉ አይደል? አጠገቤ ይቁሙልኝ።"

እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች። አስቀመጥናት። ሁለት ወንዶች አስቀምጠው ፊት ለፊቷ ሲቆሙ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። "ሰው አልሞተም፣ እማ፣" አልኳት ቶሎ ብዬ። ጋሼ ትዕዛዙን አንድ ወር እንደደበቁ ራሳቸው ነገሯት።

"ለምን?" አለቻቸው።

"እንዳትጎጂ ብዬ።"

"ወንድም ጋሼ፣ ልጄን አፈር አልብሻለሁ እኮ። ምን ወረቀት ነው ከዚህ በላይ የሚያደርገኝ?"

ገጽ ሦስትን አወጣሁ። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አነበብኩላት። ባትሪው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። ስሜን አነበብኩ። ስጨርስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

"አንተ ነህ አውጣው ያልከው?"

"አዎ፣ እማ።"

ጋሼ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ።

"እሱስ ምን አለህ?"

"እሺ ዶክተር አለኝ። ሳቀ።"

"ሳቀ?"

"ሳቀ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ፣" አለች፣ "ትንፋሽ እያጠረው፣ እኔን እየተጣራ ነው የሄደው እያልኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ... ስቆ ነው የተኛው?" ጎትታ ጉልበቷ ሥር አስቀመጠችኝ። ራሴን ይዛ አለቀሰች። እኔም ከሰለሞን ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። ጋሼ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ ጠበቃ አይደለሁምና ምክር ልሰጣችሁ አልችልም። የየስቴቱ ሕግ ይለያያል፤ ቀኑም ይለያያል፤ የራሳችሁን ጠይቁ። እኔ የማውቀው በደል የመሰለኝን ትዕዛዝ ጊዜው ሳይደርስ ልጮህበት ተነስቼ እንደነበር ነው። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ሊያልፈኝ አንድ ቀን ቀረው። በመሀል ያለ ትዕዛዝ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ግን ሙት ዓመት አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ሽማግሌ ይምጣ ብሎ አይጠብቅም። ጋሼን አልወቅስም። በፍቅር ነው ያደረጉት። ግን በፍቅር የተደበቀውም ቀኑ ይቆጠራል። መሳቢያችሁ ውስጥ፣ መኪናችሁ ውስጥ፣ ለሰው አስባችሁ ያስቀመጣችሁት ፖስታ ካለ ይህን ጽሑፍ ተዉትና ሂዱ ክፈቱት። ሰው ይጎዳል ትላላችሁ። ይጎዳ። እናቴ ተጎድታለች፤ ከጉዳቱ ጋር ሳቁንም አገኘች። ያንን ሳቅ ሁለት ዓመት የከለከልኳት እኔ ነኝ።

ውሳኔው እስካሁን አልመጣም። ላንረታ እንችላለን። ከላይ ያሉት ዳኞች ግን አሁን ሙሉውን ቃሌን ያነቡታል፤ ጠበቃው ግማሽ ገጽ ሰጥቶታል፣ የቴክኒሻኑን "አርጅቷል" ከባትሪው በፊት አስቀምጦ። እዚህ አገር በመጣሁ በአሥር ዓመቴ ከምሠራበት ግሮሰሪ ውጪ ያለ ሰው እኔን እንዲሰማ የጠየቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ገና እጠይቃለሁ።

እሁድ ዕለት ሃያ አራቱም ወንበሮች ሞልተው ሰው ቆሞ ነበር። እየመጡ እናቴን ይስማሉ፤ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይሏታል። እሷም ለእያንዳንዱ፣ ጋሼ ሳይቀሩ እየሰሙ፣ ያንኑ ትመልሳለች፦

"ስቆ ነው የተኛው። ለሌላው ደግሞ ይግባኝ ብለናል።"